የእንቅርት ሕክምና እየተከታተሉ ድብርት ሲመጣ፦ ጥያቄና መልስ ከሀዋሳ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች፣ ከሌላ ቦታ ያላችሁም። ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። የታይሮይድ ዕጢዬ (አንገት ላይ ያለችው፣ ሕመሟን በተለምዶ እንቅርት የምንለው) በቀዶ ሕክምና ስለወጣ፣ ሆርሞኗን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የተባለ ኪኒን የዕለት እንጀራዬ ሆኗል፤ ድብርቱንም ከመጽሐፍ ብቻ አላውቀውም። ዛሬ ስለ ሁለቱ አንድ ላይ ጠይቁኝ። መጠን ጨምሪልኝ፣ ቀንሺልኝ ግን አትበሉኝ፤ እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ስሜ ይቅር፤ ወንድ ነኝ። መኖር ሰልችቶኛል። ኪኒኑም ምን ሊፈይድልኝ ብዬ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ፣ ይህን ላስቀድም። ወንድሜ፣ ይህን መጻፍህ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ብቻህን ከሆንክ ብቻህን አትሁን፤ ወንድም፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ አንድ ሰው ጥራና እንደጻፍክልኝ ንገረው። «ትንሽ ደብሮኛል» ብለህ አታሳንሰው። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ካለህ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ቀጠሮም ሪፈር ወረቀትም አያስፈልግም። መሄጃ ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዘው፣ የዕለቱን ብቻ ይስጥህ። ኪኒኑን መተውህ ራሱ ስሜቱን አክብዶት ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ እሱንም ንገረው፤ ማንም አይቆጣህም። በውስጥ መስመርም ጽፌልሃለሁ፣ መልስልኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሆርሞን አንሶሻል ተብዬ ኪኒን ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሐኪሙ ቲኤስኤችሽ ኖርማል ነው አለኝ። እኔ ግን ጠዋት ከአልጋ መነሳት አሁንም ጭንቅ ነው። ወይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል፣ ወይ እኔ ሰንፌያለሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆን ይችላል እህቴ። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚል፣ ሲበዛ የሚወርድ የደም ምርመራ ነው፤ የሚነግርሽ ኪኒኑ ለሰውነትሽ መብቃት አለመብቃቱን ነው፤ ልብሽ ውስጥ ያለውን ግን አይለካም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ድብርት ሊያመጣ እንደሚችል ሁሉም ሐኪም ያውቃል፤ ሆርሞኑ ሲስተካከልም ብዙ ሰው ይቀለዋል። ስሜት ደግሞ ከላቦራቶሪ ወረቀት ጥቂት ሳምንት ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው። ሆኖም ድብርት አንዴ ቤት ከሠራ ሆርሞኑ ተስተካከለ ብሎ ለቆ የማይሄድበት ጊዜ አለ። እስከዚያ እንቅልፍ ተዛብቷል፣ ወዳጅ ርቋል፣ ሥራ ተበላሽቷል፣ እሱ ራሱ ድብርቱን ይቀልበዋል። ያኔ ድብርቱ የራሱን ሕክምና ይፈልጋል፤ የእንቅርቱን መድኃኒት እየጨመሩ እሱን ማባረር አይቻልም። እንዲያውም መጠኑ ከልክ ሲያልፍ የልብ ትርታ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፣ እየቆየ አጥንትንም ያሳሳል።

ለሐኪምሽ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። አንደኛ፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ። ሰውነት የገዛ ታይሮይዱን ሲያጠቃ በሚመጣው ሕመም የተያዙ ሰዎች ላይ የቢ12 እጥረት ከሌላው በርከት ብሎ ይታያል፤ ዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት ለሚጾም ሰው ደግሞ ሥጋቱ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የድብርት ምርመራ በስሙ ይደረግልኝ በይው። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ግን ተይው፤ ሰነፍ ሰው አልጋ ውስጥ ሆኖ አያለቅስም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይሄ የእንቅርቱ ነው፣ ይሄ የድብርቱ ነው ብዬ በምን ልለይ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አትለየውም፤ ድካም፣ መርሳት፣ እንቅልፍ መብዛት፣ የክብደት ለውጥ የሁለቱም ነው። ብርድ ብርድ ማለት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የፊት ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን ካለ ዓይናችን ወደ ሆርሞኑ ይሄዳል። «ምን ዋጋ አለኝ» ማለት፣ ያለ ምክንያት ጥፋተኝነት፣ ሞትን መመኘት ሲመጣ ደግሞ ወደ ድብርቱ። ሆርሞን ብቻ ያነሰው ሰው ሀዋሳ ከተማ ሲጫወት ስታዲየም መሄድ ያምረዋል፣ ጉልበት ነው የሚያጣው። ድብርት የያዘው ሰው ግን ትኬቱን በነፃ ብትሰጠው አያምረውም። ይህ ለመገመት ያህል ነው፣ ምርመራን አይተካም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን አብዛኛውን ከከፋህ ወይም የምትወደውን ነገር ሁሉ ከጠላህ፣ ምንጩ የትም ይሁን፣ ታይ።

ጥያቄ፦ ኪኒኑን ከቁርስ ጋር ነው የምወስደው። ስሜቴ አንድ ሰሞን ደህና፣ አንድ ሰሞን ገደል ነው። ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚዋጠው። ቡና ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት ይቀንሰዋል። በሲዳማ ምድር ቡና ተዉ የሚል ሰው ጠላት እንደሚያፈራ አውቃለሁ፤ አትተዉ፣ አዘግዩት ነው የምለው። የእኔ ኪኒን ራስጌዬ ከውሃ ብርጭቆ ጋር ታድራለች። እንደነቃሁ እውጣታለሁ፤ ፊቴን ስታጠብ፣ ከሰሉ ሲያያዝ፣ ቡናው ታጥቦ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ አቦል እስኪቀዳ ሰዓቱ ራሱ ይሞላል። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን የምትወስዱ አራት ሰዓት አራርቁት። ጠዋት ተልባ የሚጠጣም ወደ ከሰዓት ይግፋው። የጨጓራ መድኃኒት ካላችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። አንድ ቀን የሚገባ አንድ ቀን የማይገባ ኪኒን ሐኪሙን ያሳስተዋል፤ መጠኑ በቂ ሆኖ ሳለ ይጨምርላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ኪኒኑን ከእሽጉ አውጥታችሁ ፌስታል ውስጥ አታጠራቅሙ። ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ሆርሞን በዝቷል ተብሎ ፒቲዩና ፕሮፕራኖሎል ጀመረች። ድሮ ጨዋ የነበረች ሴት በትንሽ ነገር ትጮህብኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ ሲስተር?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ሆርሞን ሲበዛ ሰው ይበሳጫል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ጩኸቱን ከጸባይዋ አትቁጠረው። ፕሮፕራኖሎል የልቡን ምትና መንቀጥቀጡን ቶሎ ያበርደዋል። ፒቲዩ ግን የሚገታው አዲስ ሆርሞን መሠራቱን ስለሆነ፣ ዕጢው ውስጥ የተከማቸው እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ዝምታውና ልቅሶው አሁን ከመጣ ሁለት ነገር ይታየኛል። መድኃኒቱ ሆርሞኑን ከሚፈለገው በታች አውርዶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል። ካልሆነ ድብርት ሊሆን ይችላል። ቀጠሮዋን ሳትጠብቁ ሂዱ፣ አንተም አብረህ ግባ፤ ቤት ያየኸውን እሷ ላትናገረው ትችላለች። በራሳችሁ መድኃኒቱን አታቁሙ። ትኩሳትና ከባድ የጉሮሮ ሕመም ቢመጣባት ግን፣ ወይም ዓይኗ ቢጫ ቢሆን፣ የሚቀጥለውን የፒቲዩ ኪኒን ሳትውጥ በዚያው ቀን ሐኪም ትይ። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ወይም ጉበት ሲጎዳ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ቢሆንም ቀልድ የለውም።

ጥያቄ፦ የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ፍሉኦክሴቲን። ከሌቮታይሮክሲን ጋር ይጣላል? ሱስ ሆኖብኝ እንዳልቀር፤ የሠፈር ሰው ደግሞ አበደች ይለኛል።

መልስ፦ አብረው ይወሰዳሉ። ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የጀመራችሁ ካላችሁ የታይሮይድ ኪኒን ፍላጎታችሁን ሊጨምር ስለሚችል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቲኤስኤች ይታይ። አሚትሪፕቲሊን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት የታዘዘለትና ሆርሞኑ በዝቶ ገና ያልወረደለት ሰው ደግሞ ስለ ልቡ ምት ለሐኪሙ ይንገር። ሱስ አያስይዝም፤ በድንገት ማቆም ግን ማዞርና መረበሽ ስላለው ሲቆም ቀስ በቀስ ነው። ሥራው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና መረበሽ ቢኖር አትደንግጪ፣ ከበረታብሽ ግን ደውዪ። ከተሻለሽ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል። ሲሻላቸው ጥለውት ተመልሰው የሚወድቁ ብዙ አያለሁ።

ለሠፈሩ ሰው ምን ልበልሽ። የደም ግፊት ኪኒን ቢሆን ታስረጃቸው ነበር? ለእኔ ጎረቤቶች የነገርኳቸው «የእንቅርት መድኃኒት ነው» ብቻ ነው፤ ሌላው የእኔ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ጠበል ልገባ ነው፤ መድኃኒት ከጠበል ጋር አይሄድም አሉኝ። ጾሙስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ጠበሉን ይግቡ፣ ኪኒኑንም ይውሰዱ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ በይፋ አስተምረዋል፤ የእንቅርት መድኃኒት ከዚያ የባሰ ምን አለው? አንድ ነገር ልንገርዎ። ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ በሳምንት ገና ግማሹ ነው የሚጎድለው። ስለዚህ ያቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም ስለማይሰማው ዳንኩ ይላል። ድካሙና ድብርቱ የሚመለሰው ቆይቶ፣ ከጠበሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ለጾሙ ደግሞ፣ ሐኪምዎ ከፈቀደ ማታ ከራት ሦስት ሰዓት ቆይተው፣ ሊተኙ ሲሉ ይውሰዱት። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሁን እንጂ ሌሊቱም ባዶ ሆድ ነው። በረመዳንም ለሙስሊም ወገኖቻችን ይኸው ይሠራል። የድብርቱን መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ንስሐ አባትዎም ለታመመ ሰው ጾም እንዴት እንደሚቀል ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፣ ስፌት ላይ። ሽፍቴ ይቀያየራል፤ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ልውሰድ?

መልስ፦ ሰዓቱን ከእንቅልፍሽ ጋር እሰሪው፤ ከዋናው እንቅልፍሽ ስትነቂ፣ በቀን አንዴ ብቻ፣ ከምግብ በፊት። አንድ ቀን ብትረሺ ባስታወስሽ ጊዜ ውሰጂ። ከኪኒኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንቅልፍሽ ነው፤ የተቆራረጠ እንቅልፍ ድብርትን ያባብሳል። ከሌሊት ሽፍት ስትመለሺ መስኮቱን በነጠላም ቢሆን ጋርደሽ ተኚ፣ ስልኩን አርቂው።

ጥያቄ፦ ድብርቱ ሲመጣብኝ ጫት ነው የሚያነሳኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ምርቃናው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ዱካክ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በነጋታው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ድብርት። ሆርሞንህ የበዛ ከሆነ ቀድሞውኑ የሚጋልበውን ልብ መጋለብ ነው።

ጥያቄ፦ ቲኤስኤቼ በትንሹ ከፍ ብሏል፣ ሌላው ሆርሞን ደህና ነው። ድብርት ስላለብኝ ኪኒን ልጀምር?

መልስ፦ ከሐኪምሽ ጋር ምከሪ፤ ግን በጥናት እንደታየው በትንሹ ብቻ ከፍ ያለ ቲኤስኤችን በኪኒን ማውረድ ድብርትን አያሻሽልም። ድብርቱን አሳክሚ፣ ቲኤስኤቹን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ድገሚ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ነገሩ ይለያል፤ ቶሎ ታዪ።

ጥያቄ፦ ጎመን መብላት ልተው? ጨውስ?

መልስ፦ የበሰለ ጎመን ብሉ። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ድብርት ግን በጨው አይድንም።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ አምስት ወሬ ነው። መጀመሪያ ልቤ እየመታ ከሳሁ፤ አሁን ደግሞ ድክም ብሎኛል፣ ልጄን ሳይ እንኳ ደስ አይለኝም። እናቴ የአራስ ነው ይለቅሻል ትላለች።

መልስ፦ እማማን አክብሪያቸው፣ ምርመራውን ግን አትተዪ። በወለዱ በመጀመሪያው ዓመት ታይሮይድ ሊቆጣ ይችላል፤ መጀመሪያ ሆርሞን ይበዛል፣ ቀጥሎ ያንሳል፤ አንቺ የነገርሽኝ ቅደም ተከተል እሱን ይመስላል። አብዛኛው ሴት ላይ በጊዜ ይስተካከላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትም ብቻውን ወይም አብሮት ሊኖር ስለሚችል ሁለቱም ይታዩ። ሌቮታይሮክሲን ማጥባት አይከለክልም። ልጅሽን ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን መጀመሪያ ላይ ለወንድማችን ያልኩትን አንብቢ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።

ጥያቄ፦ አንቺ ራስሽ በከፋሽ ቀን ምን ታደርጊያለሽ?

መልስ፦ ትልቅ ነገር አላስብም። ገላዬን እታጠባለሁ፣ ከቤት እወጣለሁ። ጠዋት ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሣ ገበያ፣ እወርዳለሁ፤ አሣ አጥማጆቹ መረብ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ቆሜ አያለሁ። ብዙ ቀን ደስ አይለኝም፤ ደስ እስኪለኝ ብጠብቅ ግን አልወጣም ነበር። መንቀሳቀስ ለድብርት ይረዳል፤ ልባችሁ ገና የሚመታ፣ ሆርሞናችሁ ያልወረደ ግን ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ የታቦር ተራራን እወጣለሁ እንዳትሉ። ሁለተኛው ነገሬ፣ ቡና ሲጠሩኝ እምቢ አልልም። ባልናገርም እቀመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ጋ ስገባ ሁሉም ይጠፋኛል። ምን ልበለው? ድብርቱንስ የት ልታይ?

መልስ፦ የሁላችንም ችግር ነው። ታካሚ ስለ ድካም፣ ስለ አንገት፣ ስለ ጨጓራ ያወራል፤ ስሜቱን የሚናገረው ካርዱን ይዞ በሩን ሊከፍት ሲል ነው። ያኔ የሚቀጥለው ሰው ገብቷል። አንተ ከእሱ ጀምር፦ «ከእንዲህ ያለ ወር ጀምሮ ከፍቶኛል፣ ሌሊት ይህን ያህል ሰዓት ነው የምተኛው»። ወረቀት ላይ የምትወስደውን ሁሉ ጻፍ፣ የፀጉር ቫይታሚንም ቢሆን፤ ባዮቲን ያለበት ከሆነ የታይሮይድ ምርመራውን ስለሚያሳስት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረህ ቀደም ብለህ ታቆመዋለህ። ለድብርቱ በቅርብህ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ትችላለህ፤ ከከበደ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እኛ ሪፈራል በምንለው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የመድኃኒት መጠን ከተቀየረልህ ደም የምትሰጠው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተህ ነው፤ በሁለት ሳምንት መሮጥ ብር ማባከን ነው። በምርመራው ጠዋት ኪኒኑን ደሙ እስኪቀዳ አቆየው፣ ይዘኸው ሂድና ከተቀዳህ በኋላ ዋጠው።