ያ የሚወዛወዘው የጨርቅ ሰው ለምን ነፍስ ያለው ይመስላል?

እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ አዲስ ሱቅ በር ላይ በአየር የሚወዛወዝ የጨርቅ ሰው አይተሽ፣ «ልጄ ሰላም እያለችው አልሄድም አለች፤ እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ ለምን ይሆን?» ብለሻል። ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሥሩ ማራገቢያ አለ። አየሩ ስሱን የናይለን ቱቦ ሞልቶ ያቆመዋል፤ በእጆቹና በራሱ ጫፍ ይወጣል። ጨርቁ ሲታጠፍ መንገዱ ይዘጋል። አየሩ ይጠራቀምና መልሶ ቀጥ ያደርገዋል። ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም፤ ዓይን የሚይዘውም ይሄ ይመስለኛል።

የማስታወቂያ ዕቃ ብቻ እንዳይመስልሽ። የትሪኒዳዱ የካርኒቫል አርቲስት ፒተር ሚንሻል ለ1996 እ.ኤ.አ. የአትላንታ ኦሎምፒክ መክፈቻ አስቦት፣ ከእስራኤላዊው አርቲስት ዶሮን ጋዚት ጋር የተሠራ ጥበብ ነው።

ነፍስ መስጠቱም የልጅ ነገር አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. ሃይደርና ሲመል የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንዲት ክብ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም ለ34 ተማሪዎች አሳዩ። ከአንድ በቀር ሁሉም እንደ ሕያው ፍጡር ተረኩት።

እኔ ቡሬ ላይ ያየሁት አይረሳኝም። ትከሻው እስክስታ እንደሚወርድ ሰው ይርገፈገፋል። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት «አይዞህ!» ይሉታል። ድንገት መብራት ጠፋ። መጀመሪያ እጆቹ ወረዱ። ከዚያ ወገቡ ታጠፈ፣ ተኛ። ልጆቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። አንዱ ትንሽዬ ጠጋ ብሎ ጨርቁን ዳበሰው።

ልጅሽን አትከልክያት። መብራት ሄዶበት ካገኛችሁትም ትንሽ ጠብቁ፤ ሲነሳ ማየት ነው ደስ የሚለው።