«ስርጭቱ የተገደበ ዕጢ»፦ የተገደበው የማን ስርጭት ነው?

ጥያቄ፦ ለሕሙማን የሚሰጥ የአንጎል ኤምአርአይ ማብራሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዲፊውዥንን «ስርጭት»፣ ሰውነት ሳይከፈት የሚደረገውን ምርመራ ደግሞ «ወራሪ ያልሆነ» ብዬዋለሁ። «ስርጭቱ የተገደበ ዕጢ» የሚለውን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ግን መልካም ዜና መሰላቸው። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ አንባቢዎችዎ አልተሳሳቱም፤ አማርኛውን እንደተጻፈው ነው የተረዱት። ስለ ዕጢ ሲወራ «ስርጭት» የሚለው ቃል ጆሮ ላይ የሚያመጣው «ካንሰሩ ተሰራጭቷል» የሚለውን አነጋገር ነው። በዚያ ላይ «ስርጭቱ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ሁለት ሥራ አላት። «ቤቱ» ስንል የታወቀው ቤት ማለትም፣ የእሱ ቤት ማለትም ይሆናል። በሐረግዎ ውስጥ ከዕጢ በቀር ባለቤት የሚሆን ስም ስለሌለ ስርጭቱ የዕጢው ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ዕጢው ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም» ተብሎ ይነበባል። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ የጻፈው ግን ስለ ውሃ ነው።

በሰውነት ውስጥ ያለ የውሃ ሞለኪውል በሙቀት የተነሣ ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ይላወሳል፤ ዲፊውዥን የሚባለው ይህ መላወስ ነው። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ የንጹሕ ውሃ ዲፊውዥን መጠን በሰከንድ 0.003 ስኩዌር ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጤናማ አንጎል ውስጥ ሴሎችና ሽፋኖቻቸው መንገድ ስለሚዘጉበት ወደ 0.0007 ወይም 0.0008 ይወርዳል። ሴሎቹ እጅግ በተጠጋጉበት ዕጢ፣ ለምሳሌ በአንጎል ሊምፎማ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህም ያንሳል። ለዚህ አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፤ ውሃው መፈናፈኛ አጥቷል። እንግዲህ «የተገደበ» መባሉ ብዙውን ጊዜ የሴሎችን መታፈግ ያመለክታል፤ የሚያጽናና ዜና አይደለም።

ስለዚህ ባለቤቱን ይጻፉት፣ ግሱንም ያስተካክሉት፦ «የውሃ እንቅስቃሴ የተገደበበት ዕጢ»። እዚህ ሥራውን የምትሠራው «በት» ናት። «የተገደበ» ዕጢውን ራሱን ባለጉዳይ ሲያደርገው «የተገደበበት» ግን ቦታ ብቻ ያደርገዋል። ለሕመምተኛ ሲሆን «በዕጢው ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አይችልም» ማለት ይበቃል። «ፍሰት» አይሁን፤ ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ የሞለኪውል መላወስ ግን አቅጣጫ የለውም። «ስርገት» ትንሽ ይሻላል፤ ሆኖም ውሃ መሬት ውስጥ ሰረገ ሲባል ከላይ ጠፍቶ ወደ ታች መግባቱ ነውና ያም ያሳስታል። ለባለሙያ አንባቢ «ዲፊውዥን» ብሎ መተው ነውር የለውም።

«የተገደበ» የሚለውን «አደገኛ» ብለው እንዳይፈቱትም ይጠንቀቁ። መግል የቋጠረ የአንጎል እባጭ መሐሉ ወፍራም ስለሆነ ውሃው ይገደባል፤ በአዲስ ስትሮክም ሴሎቹ ስለሚያብጡ እንዲሁ ይሆናል። በአንጻሩ ግሊዮብላስቶማ በተባለው አደገኛ የአንጎል ዕጢ የሞተ መሐል ውስጥ ውሃው በአብዛኛው በነጻነት ይላወሳል።

በማብራሪያዎ ውስጥ «ብሩህ ሆኖ ይታያል» የሚል ካለ እሱም ይታረም። አማርኛ ብሩህን ከተስፋ ጋር ስለሚያያይዘው «ነጭ ሆኖ ይታያል» ይበሉ፤ በየትኛው ምስል ላይ እንደሆነም አይተዉ። እውነተኛ ገደብ በዲፊውዥን ምስል ላይ ነጭ፣ ኤዲሲ በሚባለው የዲፊውዥን መጠን ካርታ ላይ ጥቁር ነው። በሁለቱም ላይ ነጭ ከሆነ ንጣቱ የመጣው ከገደብ ሳይሆን ቲ2 ከሚባለው ሌላ የምስል ባሕርይ ሊሆን ይችላል። የምስሉን ስም የዘለለ ትርጉም እነዚህን ሁለት ግኝቶች አንድ ያደርጋቸዋል።

ወደ «ወራሪ ያልሆነ» ስንመጣ ችግሩ ያው የባለቤት ነው። «ወራሪ ያልሆነ የአንጎል ዕጢ ምርመራ» ብለው ከጻፉ ወራሪ ያልሆነው ምርመራው ነው ወይስ ዕጢው? ዕጢም ወራሪ ስለሚባል አንባቢ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው። «ሰውነት ሳይቆረጥና ሳይበሳ የሚደረግ ምርመራ» ይበሉ። «ያለ ቀዶ ጥገና» ብቻ አይበቃም፤ ናሙና በመርፌም ይወሰዳልና። ይሁን እንጂ «ያለ መርፌ» ብለው ቃል አይግቡ። ዲፊውዥን ራሱ ምንም መድኃኒት ባይፈልግም በዚያው ቀጠሮ ጋዶሊኒየም ያለበት የምስል ማጉያ በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል።

«የዕጢውን ዓይነት ይለያል» ካሉም «ለመለየት ይረዳል» በሚለው ይተኩት። በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ አንዳንድ የአንጎል ዕጢዎችን የሚሰይመው በጂን ለውጥ ጭምር ነው፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው የሚረጋገጠው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕጢ በአማርኛ ጤናማውን አካልም ይጠራበታል። ማብራሪያዎ ከአንጎል ሥር ያለውን ሆርሞን አመንጪ አካል፣ ፒቱታሪን፣ የሚነካ ከሆነ «የፒቱታሪ ዕጢ ታይቷል» ብሎ መጻፍ ሁሉም ሰው ያለው አካል እንደ በሽታ እንዲነበብ ያደርጋል። እዚያ ላይ «በፒቱታሪ ዕጢ ላይ የበቀለ እባጭ» ይበሉ።