«እማዬ ሌሊቱን ስትቃትት ታድራለች»

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ አካባቢ ነው የምንኖረው። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሯ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ የሚያድናት ሕክምና የለም ብለውናል። ለሷ አልነገርናትም። ወገቧን እያመማት ሌሊቱን ስትቃትት ታድራለች። ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ብሎ አዞ ነበር፣ ታላቅ ወንድሜ ግን «ሱስ ያስይዛታል፣ ደግሞ እሱ ከተጀመረ አለቀላት ማለት ነው» ስለሚል ሲብስባት ብቻ እንሰጣታለን። ሥራ ካቆምኩ አራት ወሬ ነው። ደከመኝ ማለት ራሱ ያሳፍረኛል።
አስታማሚዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሞርፊኑ ልጀምር። ሌላው እናትሽ እንቅልፍ ካገኙ በኋላ ይደርሳል።

የሚጠጣው ሞርፊን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው። ሲብስባቸው ብቻ ከሰጣችኋቸው ሁልጊዜ ሕመሙ ቀድሟችኋል፣ እናንተ ከኋላ ስትሮጡ ትኖራላችሁ። በሰዓት ስጧቸው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ሲተኙ 4 ሰዓት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዳትቀሰቅሷቸው ሐኪሙ የመኝታውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ እሱ ሳይል ግን በራሳችሁ አትጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም ሞርፊንን የመከረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። በታዘዘው መጠን ለሕመም ሲወሰድ ሱስ የሚሆንበት ሰው ጥቂት ነው፣ ሞትንም አያፋጥንም። ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ግን እሱ ለፈራው ነገር እየተቃተቱ የሚያድሩት እናታችሁ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላቸው፣ ሊያቅለሸልሻቸው ይችላል፣ ይለቃል። የማይለቀው ድርቀቱ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላቸው። ለአጥንት ሕመም ደግሞ በአንድ ቀን ተሰጥቶ የሚያልቅ የጨረር ሕክምና አለ፣ ይሆናቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። አያድንም፣ ሕመሙን ግን ሊቀንስ ይችላል።

አለመንገራችሁን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የማያውቁ አይመስለኝም። ዘመድ ከያለበት እየመጣ፣ በር ላይ እያንሾካሾከ፣ ዓይኑን ጠርጎ ሲገባ የ61 ዓመት ሴት ምን ይጠፋታል? ዘለሽ መርዶ ንገሪ አላልኩሽም። ብቻችሁን ስትሆኑ «እማዬ፣ ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» በያት። አልፈልግም ካሉ ተያቸው። ከፈለጉ ግን የነፍስ አባታቸውን ማናገር፣ ያልታረቁትን መታረቅ፣ ወይም ጣና ዳር ወጥቶ ታንኳ ሲያልፍ እያዩ መቀመጥ ብቻ ሊያምራቸው ይችላል፣ እናንተ ይህን የምታውቁት ስትጠይቋቸው ነው። ጠበሉም አይከለከል፣ መድኃኒቱን አቋርጡ ካልተባለ። «ብይ፣ ብይ» እያላችሁም አታስጨንቋቸው። ፍላጎት የሚዘጋው በሽታው ነው፤ ሁለት ማንኪያ የዓሣ ሾርባ ካሰኛቸው ያችው ትበቃለች።

አንቺ ደግሞ ደክሞሻል፣ ምን ያሳፍራል? ጠያቂው ተቀምጦ ከንፈር ከሚመጥ የእድርተኛ ሴቶቹ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይደሩልሽ። ወንድምሽም ሞርፊኑን በሰዓቱ ይስጥ፣ ያኔ ለውጡን ራሱ ያየዋል።

አንድ ነገር ብቻ አትርሺ። እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንታቸው ካመለጣቸው ወይም አልወጣ ካለ፣ አጥንቱ ላይ ያለው ካንሰር ሕብለ ሰረሰራቸውን እየተጫነው ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።