የጎረቤት ሐሜትና የቆዳ ተባይ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ነዋሪነቴ ደጀን ነው። በአባቴ ቤት የመንገድ ዳር ክፍል ውስጥ ከማረሻና ከቆርኪ የሠራኋቸውን ወፎች፣ የበሬና የዝንጀሮ ራስ ቅል፣ ቆዳ፣ የወፍ ጎጆ፣ ከዓባይ በረሃ የለቀምኳቸውን የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለባቸውን ድንጋዮች ደርድሬ አሳያለሁ። ጎረቤት «የጥንቆላ ቤት ነው» እያለ ልጆቹን ይከለክላል። ከቆዳው ሥር ደግሞ ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ምን ላድርግ? መግቢያስ ላስከፍል?

መልስ፦ ከዱቄቱ እንጀምር፤ ሌላው ጉዳይ ይቆያል፣ እሱ ግን ሌሊትም ይበላል። ነጭ ወረቀት ላይ አራግፈህ እየው። በመካከሉ ፀጉር ያለበት ቡናማ ገለፈት ካገኘህ፣ የጥንዚዛ ትል እያደገ የጣለው ልብሱ ነው። የወይራ ጭስ ክፍሉን ያሸትትልሃል እንጂ ውስጥ ያለውን እንቁላል ይገድላል ብለህ አትመን። ቆዳውንና የወፍ ጎጆውን በፕላስቲክ ጠቅልለህ በደንብ አሽግ፤ ፍሪዘር ያለው ሰው ለምነህም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው። ስታወጣው ወዲያው አትፍታው። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ተወው፣ አለዚያ ጠሉ ፕላስቲኩ ላይ መሆኑ ቀርቶ ዕቃው ላይ ያርፋል።

ራስ ቅሉን በረኪና አታስነካ፤ አጥንቱን ከውስጥ ይበላዋል። መጀመሪያ በኦሞ ውኃ ዘፍዝፈህ ስቡን አውጣ፣ ከዚያ ከፋርማሲ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ገዝተህ አንጣው። ለመሆኑ በሬው በምን ሞተ? ታርዶ ከሆነ መልካም። ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኘኸው ከሆነ ግን የእንስሳት ሐኪም ሳታማክር አትንካው፤ የአባ ሰንጋ ተሕዋስ አፈርና አጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የዝንጀሮውን ጉዳይ ለዱር እንስሳት ባለሙያዎች አሳውቅ። የዱር እንስሳ አካል ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ወደ ጎረቤቶችህ ልምጣ። ጎጃም ውስጥ ራስ ቅል ደርድሮ «ደብተራ ነው» ያልተባለ ሰው ካለ አሳየኝ። እኔም እንዳንተ ዕቃ ደርድሬ ሳሳይ ብለውኛል፤ ሴት ደብተራ የት አይተው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። አፋቸውን ያዘጋሁት በመዝገብ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ተበልቶ ተበልቶ ጣት የሚያህል የቀረ ማረሻ አለ። «ያረጀ ማረሻ» ብዬ ብተወው ቁርጥራጭ ብረት ነበር። ካርዱ ላይ ግን የማን እንደ ነበር፣ በየትኛው ማሳ ጤፍ እንደታረሰበት፣ ስንት ጊዜ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ተመልሶ እንደተሳለ፣ አንዱ ጎኑ ለምን ይበልጥ እንደተበላ ባለቤቱ በነገሩኝ መሠረት ተጽፏል። ዛሬ የማረሻው ባለቤት በሕይወት የሉም፤ ሚስታቸው ግን በገበያ ቀን ዘመድ እየመሩ ይመጣሉ፣ ካርዱንም ልጅ እንዲያነብላቸው ያደርጋሉ። እሳቸው ባሉበት ስለ ጥንቆላ የሚያወራ የለም። ስለዚህ ከሚከለክሉህ ጎረቤቶች አንዱን ምረጥና የቤቱን አሮጌ ዕቃ ለምነው፣ ስሙንም በትልቁ ጻፍለት። እውነቱን ልንገርህና፣ ፎቶግራፋቸውን ከላክልኝ ወፎች የቆርኪዎቹ ይሻላሉ። ገና ብዙ የሚያርስ ማረሻ ለክንፍ መቁረጥህ አናድዶኛል። ማን እንደሰጠህ እንኳ አልጻፍክም።

ድንጋዮቹ ከሁሉም በላይ ናቸው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ያ ሁሉ የዓባይ ገደል የባሕር ወለል ነበር፤ የኖራ ድንጋዩም፣ በላዩ የታተመው የቀንድ አውጣ ቅርጽም ከዚያ የቀሩ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። የለቀምክበትን ቦታ ጽፈህ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳያቸው፤ መዶሻ ይዘህም ዳግመኛ አትውረድ። ብራና ወይም መስቀል ልሽጥልህ የሚል ከመጣ ደግሞ ከደጅ መልሰው።

መግቢያ ለጊዜው አታስከፍል፤ በነፃ ያልገባ ጎረቤት ከፍሎ አይገባም። በር አጠገብ ሣጥን አስቀምጥና ሰው የወደደውን ይጣል። ዕቃ የሚያመጡልህ ሲበዙ ግን «አይሆንም» ማለትን ከአሁኑ ልመድ። እኔ ዘንድ ማረሻ የሚያመጣ አንድ ሰው ከተገኘ የተበላሸ ቴፕ ታቅፎ የሚመጣው አሥር ነው።