ሰማዩ ለጠራበት ቀን

ልጆቼ፣

ጡረታ ወጥቼ ሀዋሳ ከተቀመጥሁ ወዲህ አብራሪ ለመሆን የምታስቡ ብዙዎቻችሁ መጥታችሁ አነጋግራችሁኛል። የምትጠይቁኝ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ጭጋግ፣ በአየር ላይ ስለሚጠፋ ሞተር ነው። ታቦር ተራራ ከሩቅ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት፣ ነፋሱም በረገበበት ቀን ስለ ማረፍ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔን በሥራ ዘመኔ ይበልጥ ያሳሰበኝ እርሱ ነበር።

ጭጋግ ሲኖር አብራሪ ይጠነቀቃል። ዓይኑን መሣሪያው ላይ ይተክላል፤ ከመሬት የሚላክለትን የአይ ኤል ኤስ ሞገድ ተከትሎ ይወርዳል፤ ረዳቱም ከፍታውን እየጠራ ይነግረዋል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ተቆጣጣሪው «ማኮብኮቢያው ይታይሃል?» ይላል፤ አብራሪው «ይታየኛል» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመራው የገዛ ዓይኑ ነው። ቪዥዋል አፕሮች የምንለው ይህ ነው። የተፈቀደ አሠራር ነው፣ ጊዜና ነዳጅም ይቆጥባል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እወደው ነበር። ክፋቱ ዓይን ሲሳሳት ባለቤቱን አለማስጠንቀቁ ነው።

አውሮፕላን ለማረፍ የሚወርድበት የተለመደው መስመር 3 ዲግሪ ነው፤ በአንድ የባሕር ማይል ወደ 300 ጫማ መውረድ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ተዳፋት ዓይን ብቻውን አይለካውም። ማኮብኮቢያው ከለመዳችሁት የጠበበ ወይም ወደ ፊት ሽቅብ ያዘነበለ ከሆነ፣ ከፍ ያላችሁ ይመስላችሁና ሳታውቁት ከሚገባው በታች ትወርዳላችሁ። በሌሊት ከፊታችሁ የማኮብኮቢያው መብራት ብቻ ኖሮ ከሥራችሁ ያለው እንደ ሐይቃችን ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን፣ ያው ስሕተት ይብሳል። ከማኮብኮቢያው ጎን አራት መብራቶች የሚተከሉት ለዚህ ነው። ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ካያችሁ መስመራችሁን ይዛችኋል፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ ዝቅ ብላችኋል፤ ዓይናችሁ ሌላ ቢላችሁም አትስሙት።

በእኛ አገር ደጋነቱ ይጨመራል። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ፣ መሣሪያው 140 ኖት (በሰዓት 140 የባሕር ማይል) ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄደው ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ቦሌ ላይ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ያልፋል። በባሕር ጠረፍ የለመደ ዓይን መሬቱ ሲሮጥበት «ፈጥነናል» ብሎ ይደናገጣል፤ እጅም የሞተሩን ኃይል መቀነስ ያምረዋል። ፍጥነትን ከመስኮት አታንብቡ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሆነውን እዩ። ቀኑ ብሩህ ነበር። የኤሺያና አየር መንገድ ቦይንግ 777 አውሮፕላን 307 ሰዎችን ይዞ ሊያርፍ ሲመጣ፣ የመውረጃ መስመሩን የሚያሳየው የመሬት መሣሪያ አገልግሎት አይሰጥም ነበር። አብራሪው ለዚህ የአውሮፕላን ዓይነት አዲስ ነበር። በመጀመሪያ ከመስመሩ በላይ ሆነ፤ ሲያስተካክል ኃይሉን እስከ መጨረሻው ቀነሰ፤ ፍጥነቱን አውቶትሮትሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ይጠብቅልኛል ብሎ አመነ። አውቶትሮትሉ ግን በዚያች ሰዓት ፍጥነት አይጠብቅም ነበር። 137 ኖት መሆን የነበረበት ፍጥነት ወደ 103 ወረደ፤ የአውሮፕላኑ ጭራ የባሕሩን ግንብ መታ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማኮብኮቢያው ከዓይናቸው አልተሰወረም።

በዚያው ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ደግሞ የኤር ካናዳ ኤርባስ 320 ሊያርፍ መጣ። ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ማኮብኮቢያዎች የግራው ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቷል። መዘጋቱ ለአብራሪዎቹ በጽሑፍ ተነግሯቸው ነበር። ዓይናቸው ግን ሁለት ለምዷል፤ ስለዚህ የቀኙን ማኮብኮቢያ ግራ አድርጎ ቆጠረና ከጎኑ ያለውን ታክሲዌይ፣ አውሮፕላኖች በመሬት የሚመላለሱበትን መንገድ፣ ማኮብኮቢያ አደረገው። ታክሲዌዩ ላይ አራት አውሮፕላኖች ተሳፋሪ ጭነው ለመነሣት ተራ ይጠብቃሉ። ኤርባሱ ሽቅብ ከመመለሱ በፊት ከመሬት 60 ጫማ ያህል ከፍታ ድረስ ወርዶ ነበር። የአይ ኤል ኤሱ ሞገድ ቁጥር ለማመሳከሪያ መሣሪያው ላይ ገብቶ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ገና ከሩቅ ወደ ቀኝ መውጣታቸውን ባሳያቸው ነበር። ቦሌም ጎን ለጎን ሁለት ማኮብኮቢያዎች እንዳሉት ልብ በሉ።

የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳትሉም፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ንዶላ ሲደርስ ግንባታው ገና ባላለቀ አዲስ ኤርፖርት ላይ አርፏል። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ በየቡና ቤቱ «ምን ዓይነት ደደቦች ናቸው?» የሚል ፍርድ ሰማሁ። ልጆቼ፣ እንዲህ የሚፈርድ ሰው ዓይን የሚጠብቀውን እንደሚያይ ገና አልደረሰበትም። አዲስና ሰፊ አስፋልት ከፊታችሁ ተዘርግቶ ሳለ «ይህ አይደለም» ለማለት ከዓይን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

አንዱ ምስክር መሣሪያው ነው። ሁለተኛው አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ለእኛ ይህኛው ይከብዳል። ታላቅን «አንቱ» እያላችሁ፣ ፊቱ ላለመናገር ተገርታችሁ አድጋችኋል። የኤሺያናው አብራሪም ያለ መውረጃ መስመር ማረፉ አስጨንቆት እንደነበር ለመርማሪዎች የተናገረው ከአደጋው በኋላ ነው። እናንተ ረዳት አብራሪ ስትሆኑ «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ያልን አይመስልዎትም?» ብላችሁ አትለማመጡ፤ ካፒቴኑ «አይ፣ ደህና ነን» ብሎ ያልፋችኋል። ቁጥሩን ጥሩ፦ «ፍጥነት 120»፣ «አራት ቀይ»። ቁጥር ድፍረት አይሆንባችሁም፤ ካፒቴኑም ሊቆጣችሁ ሰበብ አያገኝም። ሁለት ጊዜ ጠርታችሁ ካልመለሰ «ሽቅብ እንመለስ» በሉ።

መመለስ ያልኋችሁ ጎ አራውንድን ነው። በብዙ አየር መንገዶች ደንብ፣ በጠራ ቀን 500 ጫማ ላይ ስትደርሱ ፍጥነቱ፣ መስመሩና የአወራረዱ መጠን ካልተስተካከለ ማረፉ ይተዋል። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው የበረራ ደኅንነት ድርጅት ያስጠናው ጥናት ግን ካልተስተካከሉ አቀራረቦች መካከል ማረፉን ትተው የሚመለሱት 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀሩት «አስተካክለዋለሁ» እያሉ ይቀጥላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከእናንተ መካከል አብራሪ የማይሆነውም አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመጣ አውሮፕላኑ ሀዋሳ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ሽቅብ ቢመለስ፣ ደቂቃ ባከነብኝ ብሎ አስተናጋጇን አይቆጣ።

ወደ ማሠልጠኛ የምትገቡት ከመጀመሪያዋ ትንሽ አውሮፕላን ጀምራችሁ ይህን ልመዱ፦ ፀሐይ እየወጋችሁም ቢሆን ርቀትና ከፍታ ጮክ ብላችሁ አመሳክሩ፤ በ3 ማይል 900 ጫማ፣ በ2 ማይል 600፣ በ1 ማይል 300። ይህ ከሜዳው በላይ ያለው ከፍታ ነው። ከፍታ መለኪያው የሚያነበው ከባሕር ወለል ስለሆነ የሜዳውን ከፍታ ደምሩበት፤ ድምሩን መቅረብ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት እንጂ እየወረዳችሁ አታስሉት።