«ኢየሱስ ሞዐ» ለሕፃን ይከብዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ነው። ኅዳር 26 ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። አማቴ «በቀኑ ነው የመጣው፤ ኢየሱስ ሞዐ በሉት» ብለው ድርቅ አሉ። ባለቤቴ ደግሞ «የመነኩሴ ስም ነው፤ ትምህርት ቤት ይስቁበታል» ይላል። ትርጉሙ ምንድን ነው? ማሳጠርስ ይቻላል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ገንፎው ሳይደርሰኝ ጥያቄው ደረሰኝ።

ስሙ ግዕዝ ነው። «ሞዐ» አሸነፈ፣ ድል ነሣ ማለት ነው። ስለዚህ «ኢየሱስ አሸነፈ» ይሆናል። ቃሉ ለአማትሽ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ በንጉሡ ዘመን ማኅተም ላይ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሲባል የኖረው እሱው ነው። መነሻውም የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ነው።

ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ነው። አንቺም የምትኖሪው ደጃቸው ላይ ነው። ጻድቁ ዳኅና በሚባል አገር ተወለዱ፤ ደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ መነኰሱ፤ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞም ነበር፤ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ያደረጉት ግን እሳቸው ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከእግራቸው ሥር ተምረዋል። ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ውስጡ የራሳቸው ሥዕል አለበት። እንዲህ ያለ ሞክሼ ከየት ይገኛል? ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት፣ ልጁ ከፍ ሲል አባቱ ይዞት ይሂድና ያሳየው። ያን ጊዜ ስሙ ለእሱም ይቀለዋል።

ማሳጠሩ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ኢየሱስ» ብቻ ብላችሁ አትጥሩት። በእኛ ዘንድ ይህ የጌታ ስም ብቻውን ለሰው አይወጣም፤ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወልደ ይቀድመዋል። ቤት ውስጥ «ሞዐ» ብትሉት ግን ማን ይከለክላል? ሰፈራችሁ አሸናፊ የሚባል ልጅ አይጠፋም፤ ያው ዘመዱ ነው።

ዋናው ራስ ምታት ወረቀቱ ነው። ለያይታችሁ ካስጻፋችሁት «ኢየሱስ» የልጁ፣ «ሞዐ» የአባቱ ስም ሆኖ ይመዘገብና ባልሽ ከገዛ ልጁ ወረቀት ላይ ይጠፋል። ስለዚህ አያይዛችሁ «ኢየሱስሞዐ» በሉ። ፊደሉም የክትባት ካርዱ ላይ በዐይኑ ዐ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በአልፋው አ እንዳይሆን። ኋላ ፓስፖርት ሲያወጣ የሚንከራተተው እሱ ነው።

ባልሽ አሁንም ካልተዋጠለት፣ አብሽሪ፣ መላ አለው። ኢየሱስ ሞዐን የክርስትና ስም አድርጉትና የመዝገቡን ስም እሱ ያውጣ። እኔ ግን ከአማትሽ ጋር ነኝ። የሚስቁ ልጆች እንደሆነ ናትናኤልም ብትሉት ይስቃሉ። ክርስትናው በ40 ቀኑ ስለሆነ እስከዚያ ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ ቄሱ ፊት ባልና አማት ሲከራከሩ አያምርም።