ዘይት ከተቀየረ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ የዘይት ግፊት እስኪነሳ ድረስ ስላለው አጭር ጊዜ በመሆናቸው አንድ ላይ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዘይትና ፊልትሮ በቀየርኩ ቁጥር ቀዩ የዘይት መብራት ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። በሌላ ጊዜ ግን ወዲያው ነው የሚጠፋው። ሞተሬን እየጎዳሁት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። አዲሱ ፊልትሮ ባዶ ስለሆነ ፖምፓው ከሞተሩ ሥር የሚስበው ዘይት አስቀድሞ ፊልትሮውን ይሞላል፣ በውስጡ የነበረውንም አየር ገፍቶ ያስወጣል፤ መብራቱን የሚያጠፋው ግፊት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ስስ የብረት መቀመጫዎች) ፈጽሞ ደረቅ አይሆኑም፤ አሮጌው ዘይት ሲወርድ በብረቱ ገጽ ላይ የሚተወው ስስ ሽፋን፣ ሞተሩ ያለ ጭነት በዝግታ እስከዞረ ድረስ ለጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። መብራቱ ሳይጠፋ ነዳጅ ከተረገጠ ግን አይበቃውም። ዘይት ቀይሮ «እስቲ ድምፁን እንስማ» እያለ ወዲያው ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ጥያቄ፦ ፊልትሮውን ከመግጠሜ በፊት ዘይት ብሞላው ይሻላል?

መልስ፦ አፉ ወደ ላይ ሆኖ የሚገጠም ከሆነ ይቻላል፤ በጎን ወይም ተገልብጦ ለሚገጠመው ግን ትርፉ ዘይት ማፍሰስ ነው። የሚሞሉት ከሆነ መሐል ባለው ትልቅ ቀዳዳ አይጨምሩ፤ እርሱ የተጣራው ዘይት መውጫ ስለሆነ በዚያ የገባ ቆሻሻ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ብሮንዚኖቹ ይሄዳል። ዙሪያውን ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል፣ ወረቀቱ እስኪጠጣው እየጠበቁ፣ በዝግታ ያንቆርቁሩት።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ (በማስነሻው የኤሌክትሪክ ሞተር) ብቻ እያዞርኩ ግፊቱን ማምጣት እችላለሁ? መኪናዬ ቱርቦ አለው።

መልስ፦ ይችላሉ። በቤንዚን መኪና የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ነቅለው፣ በግፊት መስመሩ የቀረውን ነዳጅ ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት ሞተሩን አስነስተው ካስጨረሱ በኋላ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ግን ለመደበኛ ቅያሬ ብዙም ትርጉም የለውም። ከረጅም ጊዜ መቆም ወይም ከሞተር እድሳት በኋላ ሲሆን ግን እኔም አደርገዋለሁ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ በየመሐሉ አንድ ደቂቃ ያህል ይረፉ። ነዳጁን ሳይዘጉ የካንዴላ (የብልጭታ ሰጪው) ገመድ ብቻ መንቀል ግን ስሕተት ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል። ቱርቦውን (በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን) በተመለከተ፣ ዘንጉ በሙሉ ሥራ ላይ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞረው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ስለዚህ መብራቱ ከጠፋም በኋላ ነዳጅ ሳይረግጡ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ዘይት ከቀየርኩ በኋላ መብራቱ 15 ሰከንድ ሙሉ አልጠፋም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞተሩን አጥፉ፤ መንስኤውን ሳያገኙም አያስነሱ። በመጀመሪያ ከሥር ይመልከቱ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከተገጠመ፣ ሁለቱ ጎማዎች ግፊት ሲያገኙ ይንሸራተቱና ዘይቱን በአንዴ ያፈሱታል፤ ለዚህ ነው አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጦ ጎማው አብሮ መውጣቱን ማየት ልማድ መሆን ያለበት። ቀጥሎ የዘይቱን መጠንና መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋውን የግፊት ስዊች ሽቦ ይፈትሹ። እነዚህ ደኅና ከሆኑና ሞተሩ ዘይቱ ወጥቶ ለቀናት ቆሞ ከነበረ፣ ፖምፓው አየር ይዞ መሳብ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስዊቹን ፈትቶ በቀዳዳው በኩል በእጅ ፖምፓ ዘይት መግፋት ብዙውን ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። ፖምፓው ተፈትቶ ከነበረ ደግሞ ጥርሶቹ መካከል ቫዝሊን ሞልቶ መግጠም የቆየ የመካኒኮች ዘዴ ነው፤ ክፍተቱን ደፍኖ ፖምፓው ወዲያው እንዲስብ ያደርገዋል፣ በኋላም በዘይቱ ውስጥ ይቀልጣል። በዚህ ጊዜ መብራቱን ብቻ አይመኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ባር ባነሰ ግፊት ስለሚጠፋ፣ በስዊቹ ቦታ የግፊት ጌጅ አስገብቶ መለካት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልኩን ሞልቼ ነበር፤ ሞተሩን አስነስቼ ሳጠፋው ግን ዘይቱ ቀንሶ አገኘሁት።

መልስ፦ የቀነሰው ፊልትሮው ውስጥ ገብቶ ነው። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ እንደቆመ ደግመው ለክተው የጎደለውን ይጨምሩ።